ጎታ ውስጥ የበቀለው እንጆሪ

ይህ ነገር የደረሰው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ብቸና ከተማ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። ነገር ግን አንድ ደግ ገበሬ በሬውን የሸጠበት ጉዳይ ነው፤ መነሻውም እኔ በእጄ የሠራሁት የእንጆሪ መትከያ ነበር። ስለዚህ አሁን ሞጣ ተዛውሬ ተቀምጬ እንኳ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አንባቢ በትክክል እንዲረዳኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልንገር።

ብቸና እንደ ደረስኩ ከከተማው ጫፍ፣ አያ ሽባባው ከሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ማሳቸው ይጀምራል። ጥቁር ዋልካ መሬት ነው፤ ጤፍና ጓያ ይዘሩበታል። ቦራና ዳልቻ የሚሏቸው ሁለት በሬዎች ነበሯቸው። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ የሁለት በሬን ትርጉም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት በሬ ያለው ሰው መሬቱ በፈለገችው ቀን ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ግን ከጎረቤቱ በሬ ጋር መቀናጀት አለበት፤ ተራውን እስኪያገኝ ዝናቡ ያልፈዋል።

ባለቤታቸው እታለም ይታይሽ ይባላሉ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት “ልጄ” ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ገል ይዤ ወደ ምድጃቸው እሄዳለሁ፤ ፍም ይዝቁልኛል፤ በዚያ ሻዬን አፍልቼ ወደ ትምህርት ቤት እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ከፍሙ ጋር የተጠበሰ ባቄላ ያስጨብጡኛል። “ባዶ ሆድ ምን ያስተምራል!” ይሉኛል።

በጥቅምት ወር የማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን የግብርና መምህር ጥቂት የእንጆሪ ችግኞች በአውቶቡስ ላኩልኝ። ሥሮቹ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ስለነበር ትኩስ እንደ ሆኑ ደረሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። ይህ በየአጥሩ ላይ የሚበቅለው እሾሃማው እንጆሪ አይደለም። የፈረንጅ እንጆሪ እሾህም ግንድም የለውም፤ መሬት ለመሬት የሚኖር አጭር ተክል ነው። ፍሬ ከማፍራቱ ሌላ ቀጫጭን ሐረግ ይልካል። ሐረጉ ያረፈበት ቦታ ላይ ሥር ይሰድና ሌላ ተክል ይሆናል።

ይህ ተክል ዋልካ ላይ አይሆንለትም። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሰዋል። በማሠልጠኛ ሳለን ከመሬት ከፍ ያለ፣ እንደ ደረጃ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ መትከያ ከሣንቃ መሥራት ተምረን ነበር። በአንድ እርምጃ ቦታ ላይ ብዙ ተክል ይይዛል፤ ውሃውም ከላይኛው ወደ ታችኛው እየወረደ ሁሉንም ያጠጣል። ብቸና ላይ ግን ሣንቃ ውድ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈለግሁ።

እታለም ይታይሽ ነቀዝ የገባበትና አፉ የተሸረፈ አሮጌ ጎታ ነበራቸው። ጎታ እህል የሚከተትበት፣ ከጭቃና ከጭድ በሴቶች እጅ የሚሠራ ትልቅ ዕቃ ነው። የእሳቸው ጎታ አንዱ ባንዱ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ክበቦች ነበሩት፤ የታችኛው ሰፊ፣ የላይኛው ጠባብ። እንዳየሁት እንጆሪዬን በዓይነ ሕሊናዬ ተከልኩት። ለምኜ ወሰድኩ። ጭቃው በውሃ እንዳይሟሽሽ ውስጡን ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሬንጅ ቀባሁት። ጎን ጎኑን በመሰርሰሪያ በሳሁት። ከዚያ ከወንዝ አሸዋ፣ ከየመንገዱ የደረቀ ፍግ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ደግሞ አመድ የተቀላቀለበት ልል አፈር አምጥቼ ሞላሁትና ችግኞቹን በየቀዳዳው ተከልኩ። ከአያ ሽባባው ማሳ አንድ ጭብጥ አፈር እንኳ አልገባበትም። ይህን አሁን የምናገረው በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ጎረቤታችን ገደፋው ቀልደኛ ሸማኔ ነው፤ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ ጮኸ።

“አስተማሪ! መሬት አነሰችህና ፎቅ ሠራህላት?”

“ፎቅ ነው፤” አልኩት።

“ታዲያ ደረጃው በየት በኩል ነው? እኔም የላይኛውን ክፍል ልከራይህ!”

እታለም ይታይሽ ግን አልሳቁም። “ጎታ ውስጥ አፈር ሲሞላ አይቼ አላውቅም፤ ያስፈራል” አሉና አማተቡ። አያ ሽባባው መትከያውን ዞረው ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አንተ ልጅ፣ መሬት ተኝታ ነበር የምታበላን፤ አንተ አቆምካት።”

በታኅሣሥ አበበ። ጥር ላይ የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ቀሉ። አያ ሽባባው አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ መረመሩት።

“ዘሩን ውጭ የለበሰ ፍሬ! ምን ዓይነት ገበና የሌለው ነገር ነው?” አሉና ጎረሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ጣፋጭ ነው። ሆድ አይሞላም እንጂ ጣፋጭ ነው።”

እታለም ይታይሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላማተቡም። እንዲያውም እኔ ሳስተምር ስውል ዶሮ የሚከለክሉልኝ እሳቸው ሆኑ።

በዚያ ዓመት የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስለ እርሻ ግብር ግምት ነበር። ገማቾች እየዞሩ የማን መሬት ምን ያህል እንደሚያበቅል አይተው ለእያንዳንዱ ባለ መሬት ደረጃ ይሰጣሉ፤ አንደኛ የተባለ ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል ተባለ። መሬቱን በገመድ አይለኩም፤ በዓይን ነው የሚገምቱት። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለዓይን የሚሞላውን ነገር ገለል ማድረግ ጀመረ። ከብቱን ዘመድ ቤት የላከ አለ፤ አዲስ ክዳን ጀምሮ የተወ አለ።

አያ ሽባባው ተስፋ ያደረጉት ሦስተኛ ደረጃ ነበር። አንድ ማታ ለባለቤታቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። “ሦስተኛ ካሉን ሁለቱም በሬዎች ይቆያሉ። ከዚያ ከፍ ካደረጉን አንዱ ይሄዳል።”

እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ መትከያው ጠየቅኋቸው። “አያ፣ ይኼ ጎታ ደጅ መቆሙ ችግር አያመጣም? ላፍርሰው?”

ሳቁብኝ። “አፈር ነው እኮ የሞላህበት! አፈር ማን ይገምታል?”

በየካቲት መጨረሻ ዳይሬክተራችን ጠራኝ። ከዚያ በፊት እንጆሪዬን ብዙ ጊዜ በልቷል፤ ለቤቱም በሣህን ወስዷል። ጥሩ ኮት የሚለብስ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ብዙ ጊዜ ያመለከተ ሰው ነበር። “ከጠቅላይ ግዛቱ የመጡ እንግዶች አሉን፤ የአንተን ሥራ ላሳያቸው ነው። ንጹሕ ልብስ ልበስ፣ ያስተማርኩህን ያህል አስረዳ” አለኝ። እሱ ያስተማረኝ ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ደስ አለኝ። ከትምህርት ክፍል የመጡ መሰለኝ። አለመጠየቄ ዛሬም ይገርመኛል፤ ግን አስተማሪን አስተማሪ ካልጎበኘው ማን ይጎበኘዋል?

ከሰዓት በኋላ መጡ። ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ካኪ የለበሱ ሦስት ሰዎች ናቸው። አያ ሽባባው ከማሳ ተጠርተው ጋቢያቸውን አስተካክለው በበራቸው ጥግ ቆሙ። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ለምን ከፍ እንዳደረግሁት፣ ውሃው እንዴት እንደሚወርድ፣ ሐረጉ እንዴት እንደሚራባ። ሰብሳቢያቸው ወፍራም ሰው ነበሩ፤ እየሰሙ እንጆሪ ይቀጥፋሉ፣ እየቀጠፉ ይበላሉ።

“እንዲህ ያለ ነገር በብቸና!” አሉ። “የማን ግቢ ነው?”

“የአያ ሽባባው ነው፤” አለ ዳይሬክተሩ ከእኔ ቀድሞ። “ጌታዬ፣ ይህ መሬት የማያበቅለው ነገር የለም!”

በዚህ ጊዜ የአያ ሽባባውን ፊት አየሁት። ከእኔ በፊት ገብቷቸዋል። ሰዎቹ ገማቾች ነበሩ።

ወዲያው ተናገርኩ። ቃላቱን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። “አይደለም ጌታዬ። ይህ መሬት ይህን ተክል አያበቅልም። ወደ ላይ የሠራሁት ለዚህ ነው። አፈሩም የዚህ መሬት አይደለም፤ ከወንዝና ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያመጣሁት ነው።”

ዳይሬክተሩ እግሬን ረገጠኝ።

ሰብሳቢው ሳቁ። “ትሑት አስተማሪ ነው!” አሉ። “ከየትም ይምጣ፤ የበቀለው እዚህ ግቢ ነው አይደል?” ከዚያም በጣታቸው ጎታውን ከላይ እስከ ታች እያሳዩ ጓደኛቸውን “አየህ፣ በበጋ፣ ያለ ዝናብ፣ በደረጃ!” አሉት። ጓደኛቸው ከመትከያው ይልቅ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ማሳ ነበር የሚያየው።

ሲወጡ ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። “ጥሩ አስረዳህ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ተበላሸብህ።”

ደረጃው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በገበያው ሜዳ ላይ ተነበበ። የአያ ሽባባው ስም የተጠራው ከአንደኞቹ ጋር ነው። ከእሳቸው ጋር የተጠሩት ሌሎቹ ሁሉ ሰፊ መሬትና ብዙ ጭሰኛ ያላቸው ናቸው። ሰው ዞሮ ያየው ግን እነሱን አይደለም፤ እኔን ነው።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ገሌን ይዤ ወደ እታለም ይታይሽ ምድጃ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

“እሳት የለም ጌታዬ፤” አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በሣሩ ክዳን መሐል ጢሱ ትን ትን ይላል። እሳቸውም ጢሱን እንዳየሁ አይተዋል። ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አላነሱም፤ እንባ ግን ሞልቶታል። ወደ ገደፋው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ “አልነደደም” አለችኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቤት በሩን ዘጋው።

ለማያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አለብኝ። እሳት መንፈግ እንዲሁ የጎረቤት ኩርፊያ አይደለም። ሰፈሩ አንድ ሰው ጎዳን ብሎ ሲወስን፣ ሳይሰድበውና ሳይመታው እሳትና ውሃ ይነሳዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አለ፤ ግን የለም። ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቆፍርለት የለም። ክብሪት ከሱቅ ገዛሁ፤ እሳቱ ነደደ፤ ሻዩም ፈላ። አልጠጣሁትም።

በዚያው ሳምንት ከገበያው አጠገብ ሌላ ክፍል ፈልጌ ወጣሁ። መትከያው አፈር ስለ ሞላው ለማንሳት አይቻልም ነበር፤ እዚያው ተውኩት። አያ ሽባባው ዕቃዬን በማወጣበት ጊዜ ማሳ ውስጥ ነበሩ። አልዞሩም።

ጥቂት ቀናት ካሰብኩ በኋላ ነገሩ ተስፋ እንዳለው ታየኝ። ግምት ያልተስማማው ሰው አቤት ማለት ይችላል። ማስረጃውም ቆሟል። መትከያውን ቢከፍቱት አሸዋው፣ ፍጉና አመዱ በየደርቡ ይታያል፤ ከታቹ ያለው ደግሞ ዋልካ ነው። ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ይህን ልነግራቸው እየሮጥኩ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ የጎታው ስብርባሪ ከአጥሩ ውጭ ተጥሎ አገኘሁት። ሬንጅ የቀባሁት ጎኑ ወደ ላይ ዞሮ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ያንን የክፉ ነገር ምልክት ከግቢያቸው ያውጡ ብሎ ሰፈሩ ነግሯቸው፣ ሰብረው አፈሩን በትነውታል።

አያ ሽባባው ወጡ። ግባ አላሉኝም፤ በሩን ግን አልዘጉብኝም።

“አያ፣ ማስረጃዎ እኮ ነበር!” አልኳቸው።

“አንተ አልዋሸህም፤” አሉኝ በዝግታ። “ለሰውዬው የነገርከውን ሰምቻለሁ። እሱን አልክድም። ለሰፈሩም ተናግሬያለሁ። ግን ባታቆማት ኖሮ ማን ያያት ነበር?”

ቢሆንም አቤት እንዲሉ ለመንኳቸው። እኔ እመሰክራለሁ አልኩ። እሺ ያሉት እታለም ይታይሽ ከጓዳ ሆነው “ልጁ እውነቱን ይናገርልን፤ ምን ይቀርብናል?” ስላሉ ነው። ልጁ ስላሉኝ ብቻ ልቤ ሞቀ።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ሲሰማ ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋ። “አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ ወይስ የአንድ ባላገር ጠበቃ? ሰብሳቢው ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥሩ ቃል ጽፈዋል። ያንን ልታበላሽ ነው?”

“እውነቱን ልናገር ነው፤” አልኩት።

“እውነት ሲናገሩ ቦታ ይመረጣል። አንተ ቦታ ካልመረጥክ ቦታ ይመረጥልሃል።”

መሰከርኩ። አቤቱታ ሰሚዎቹ ፊት ቆሜ የመትከያውን ሥዕል ነድፌ፣ እያንዳንዱን ደርብ እያሳየሁ አስረዳሁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ በጥሞና ሰሙኝ። “ነገሩ የሚታይ ከሆነ ሄደን እንየው” አሉ። ቀኑ ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። ሊያዩ የመጡት ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው። ሰሚው ሽማግሌ አልመጡም፤ ታመዋል ተባለ። በእሳቸው ፋንታ የመጡት እንጆሪ የበሉት ወፍራሙ ሰብሳቢ ነበሩ። ገማቹ ራሱ በራሱ ግምት ላይ ዳኛ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ከመጋቢት ወዲህ ወደ ግቢው ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ቤቱ ጀርባ ዞርን።

እታለም ይታይሽ የዕቃ ውሃ በሚደፉበት፣ አፈሬን በበተኑበት ቦታ ላይ፣ እንጆሪው መሬቱን አልብሶታል። ሐረጎቹ ከአፈሩ ክምር ወጥተው እስከ አጥሩ ድረስ ሄደዋል። አረንጓዴ ነው፤ በየቅጠሉ ሥር ቀይ ፍሬ ይታያል። መትከያዬ ውስጥ እንኳ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

“እታለም!” አልኩ። “ለምን አልነቀሉትም?”

“ፍሬ ይዞ እንዴት ልንቀለው?” አሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። “ባንተ የተቆጣን ጊዜ ሰበርነው። እሱ ግን አልሞት አለ። አሳዘነኝ።”

ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው አንድ ቀጠፉና ጎረሱ። “ይኸው!” አሉ። “አስተማሪው ይህ መሬት አያበቅልም ብሎ ነበር። ፎቅም አላስፈለገው!”

አስረዳሁ። ይህ የተበተነው የእኔ አፈር ነው፤ ከእሱ በታች ዋልካው አለ፤ ሐረጉ በክረምት በየትም ያርፋል፤ መስከረም ሲወጣ ዋልካው ላይ ያለው ሁሉ በስብሶ ያልቃል። “ቆዩ፣ ላሳያችሁ” አልኩ። መቆፈሪያ የሚያቀብለኝ ሲጠፋ በእጄ መቆፈር ጀመርኩ። ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ሰዎቹ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ። ከጀርባዬ “የሚታየው ታይቷል፤ ግምቱ ጸንቷል” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያም ወደ በሩ የሚሄዱበትን የእግር ኮቴ።

እኔ አላቆምኩም። ዋልካው ላይ ደረስኩ። ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ውሃ የቋጠረ ነው። የእንጆሪው ሥር እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፎ ቆሟል፤ ልክ እንዳልኩት። ቀና ብዬ “ተመልከቱ!” ስል ከአያ ሽባባው በቀር ማንም አልነበረም። ጋቢያቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተለጥፏል።

“ተወው ልጄ፤” አሉኝ። “እኔ መሬቴን አውቃታለሁ። ለእኔ አትቆፍርልኝ።”

ዳልቻ በሐምሌ መጀመሪያ ተሸጠ። በእርሻ ወቅት በሬ የሚሸጥ ሰው ተገዶ እንደሚሸጥ ገዢው ያውቃል። ቅዳሜ ገበያ ሲነዱት በክፍሌ መስኮት አየሁ። አያ ሽባባው ከኋላ ሆነው በእጃቸው ሽንጡን እያሻሹት ይሄዱ ነበር። በዚያ ክረምት ቦራን ከገደፋው ወንድም በሬ ጋር አቀናጅተው አረሱ ሲሉ ሰማሁ፤ ጤፋቸውም ዘግይቶ ተዘራ።

ዳይሬክተሩ ደብረ ማርቆስ ገባ። እኔ በመስከረም ሞጣ ተመደብኩ። በሞጣ የምከፋበት ምክንያት የለኝም፤ ቅጣት ተብሎ የተሰጠኝ ከተማ ከሽልማት የማይተናነስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ተማሪዎቹም ጠያቂዎች ናቸው።

የሚመረኝ በሬው መሸጡ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ባለፈው ወር ነው። ለስድስተኛ ክፍል ስለ አፈር ዓይነቶች ሳስተምር ተማሪዎቹ ከየአባታቸው ማሳ አፈር በጠርሙስ እንዲያመጡ አዘዝኩ። አመጡ። ጠርሙሶቹን በመስኮቱ ላይ ደረደርን፤ የትኛው ለምን እህል እንደሚሆን፣ የትኛው ለም እንደ ሆነ፣ የትኛውም እንደ ደከመ አንድ በአንድ አስረዳሁ። በማግስቱ ካኪ የለበሰ ወጣት ሰው በር አንኳኩቶ ገባ። ትሑት ሰው ነበር። ማን እንደ ላከው አልጠየቅሁትም።

“መምህር፣ የዚህን አካባቢ አፈር በደንብ ያውቃሉ ብለውኝ ነው። የትኛው ሰፈር ነው ለም የሚባለው?”

ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። የሚመልሱትን የሚያውቁ ስለ ነበሩ ፊታቸው በርቷል፤ እጅ ያወጣችም ነበረች።

“አላውቅም፤” አልኩት።

“ምንም?”

“ምንም አላውቅም። እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ።”

ሰውዬው ጠርሙሶቹን አየ፤ እኔን አየ፤ አመስግኖ ወጣ። እጅ ያወጣችው ልጅ እጅዋን ቀስ ብላ አወረደች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ምን እንዳደረግሁ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ቀጠልኩ።

አስተማሪ የሆንኩት የማውቀውን ለመናገር ነበር። በተማሪዎቼ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ዋሸሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። የመረረኝ እሱ ነው።